ብራችን የት ይቀመጥ? ከመግቢያው በፊት መውጫውን ስለ መጠየቅ

በዚህ ዘመን ትንሽ ጥሪት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል። "ይህችን ብር ምን ላድርጋት?" መምህሩ ይጠይቃል። ነርሷ ትጠይቃለች። ከአረብ አገር የተመለሰችው እህት ትጠይቃለች። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት የቀራቸው አባትም ይጠይቃሉ። መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። "አክሲዮን ግዛ።" "ዶላር ያዝ።" "መሬት ይሻልሃል።" "ወርቅ መቼም አይወርድም።"

እኔ ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ብሩን ስፈልገው እንዴት አወጣዋለሁ? በስንት ቀን? በስንት ዋጋ? ማንስ ይገዛልኛል? በአገራችን የገንዘብ ምክር ሲሰጥ ስለ መግቢያው ብዙ ይወራል። ስለ መውጫው የሚናገር ግን ትንሽ ነው። ብዙ ሰው ሲጎዳ ያየሁትም እዚያ ላይ ነው።

መውጫው በጣም ቀላል ከሆነው እንጀምር፤ ከቁጠባ ሒሳብ። ከባንክ ብር ለማውጣት ማንንም አናስፈቅድም። በስልካችን ሌሊትም ቢሆን እናስተላልፋለን። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በነፃ አይገኝም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀያይሯል። ለተራ ቁጠባ የሚታሰበው ወለድ ግን ከዚያች 7 በመቶ ብዙም አልራቀም። ዓመታዊው የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወረደ። ወረደ ስንል ዕቃው ረከሰ ማለታችን አይደለም። የሚወደድበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው።

ሒሳቡን በብር እንየው። መቶ ሺህ ብር አስቀመጣችሁ እንበል። ከዓመት በኋላ ወለዱ ሲጨመር 107,000 ይሆናል። ዋጋ በዓመት በ14 በመቶ ከጨመረ ግን ዛሬ በመቶ ሺህ የሚገዛው አስቤዛ ያኔ 114,000 ብር ይጠይቃል። ሰባት ሺህ ብር ጎደላችሁ ማለት ነው። ደብተሩ ላይ ግን ቁጥሩ አድጎ ይታያል። አምስት ዓመት ብትተውት ደግሞ ይብሳል። በ7 በመቶ 140,000 ብር ገደማ ይሆናል። ዋጋው በየዓመቱ በ15 በመቶ ቢጨምር ያው ዕቃ 201,000 ብር ይገባል። ከወለዱ ላይ የሚቆረጠው ግብር እንኳ እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ይህን ያየ ሰው "ታዲያ ባንክ ምን ይሠራልኛል?" ቢል አይፈረድበትም። ግን ቸኩሎ ሁሉንም ማውጣትም ስህተት ነው። የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አከራይ ድንገት የሚጠይቀው የቤት ኪራይ ቀብድ፣ የሐኪም ቤት ወጪ፣ ሥራ ቢቋረጥ ቢያንስ የሦስት ወር ቀለብ የባንክ ሒሳብ ውስጥ መሆን አለባቸው። እነዚህ ብሮች ትርፍ እንዲያመጡ አንጠብቅም። በተጠሩበት ቀን እንዲገኙ ብቻ ነው የምንፈልገው። ሌላም አለ። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ለብዙኃኑ ቆጣቢ ይህ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን በአንድ ባንክ ብቻ ባያስቀምጥ ደግ ነው።

ለስድስት ወር ወይም ለዓመት የማትነኩት ብር ካላችሁ ደግሞ ስለ ጊዜ ገደብ ተቀማጭ ጠይቁ። የዚህ ወለድ በድርድር ነው። ብዙ ሰው መደራደር እንደሚቻል ስለማያውቅ የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቃችሁ አወዳድሩ። ስታወዳድሩም ወለዱን ብቻ አትዩ። ከጊዜው በፊት ባወጣው ምን አጣለሁ በሉ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የምትጠቀሙም ሙዳረባ ሒሳብ (ትርፉን ከባንኩ ጋር የምትካፈሉበት) ስትከፍቱ የትርፍ ክፍፍሉ ስንት በስንት እንደሆነና ብሩ መቼ መቼ ሊወጣ እንደሚችል በጽሑፍ ያዙ።

ወደ አክሲዮን እንምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ሰፊ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ለግል ባንኮች በር ከተከፈተ ጀምሮ የኢትዮጵያ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው አክሲዮን ሲል ባንክ ማለቱ ነው። ጥሩ የተከፈለበትም ጊዜ አለ። "እገሌ ባንክ 30 በመቶ ከፈለ" ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ቁጥር ግን በደንብ መታየት አለበት። መቶኛው የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው፤ ባንክ ቤቶቹ ፓር ቫልዩ በሚሉት። እናንተ የከፈላችሁት ዋጋ ላይ አይደለም። የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን ከሌላ ሰው በ2,000 ብር ገዛችሁ እንበል። ባንኩ 30 በመቶ ሲያውጅ እጃችሁ የሚገባው 300 ብር ነው። ለእናንተ ያ 15 በመቶ ነው። ከዚያ ላይ ግብር ይቆረጣል። የቀረው ከዋጋ ንረቱ ጋር ሲተያይ ብዙም የሚያስጨፍር አይደለም።

የትርፍ ድርሻው ሁልጊዜ በእጅ አይሰጥም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ ነበር የተነገራቸው። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ "ትርፉ ወደ ካፒታል ይዙር" የሚለው ሐሳብ ተደጋገመ። ለባንኩ ተገቢ ሊሆን ይችላል። የልጁን የትምህርት ክፍያ ከዚያች ትርፍ አወጣለሁ ብሎ ያሰበው ባለአክሲዮን ግን በብር ፈንታ ሌላ የአክሲዮን ወረቀት ይዞ ተመለሰ። በዚህ ላይ አዲስ አክሲዮን በብዛት ሲሸጥ ያው ትርፍ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ባንኩ በጠቅላላ ትርፉ አድጎ የእያንዳንዱ አክሲዮን ድርሻ ሊቀንስ ይችላል። ሪፖርት ስታነቡ "ትርፉ ስንት ቢሊዮን ነው?" ከሚለው ይልቅ "ለአንድ አክሲዮን ስንት ደረሰ?" የሚለውን ፈልጉ።

መውጫውስ? ለ30 ዓመት ያህል አክሲዮን የሚሸጥበት ገበያ አልነበረም። ገዢውን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ። ዋጋውን በወሬ ታጣራላችሁ። ከዚያ የባንኩ አክሲዮን ክፍል ደጅ መጥናት፣ ውል፣ ፊርማ፣ ማረጋገጫ። ለታማሚ ብር የሚያስፈልገው ሰው ይህን ሁሉ እስኪጨርስ ማን ይጠብቀዋል? ስለዚህ አብዛኛው በቅርብ ላገኘው ሰው፣ ገዢው በሰጠው ዋጋ ይሸጥ ነበር። ትክክለኛው ዋጋ ስንት እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

መውጫ ማጣት ምን እንደሚመስል የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በደንብ ያውቁታል። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ ብሔራዊ ባንክ በባንክና በኢንሹራንስ የያዙትን አክሲዮን እንዲመልሱ አዘዘ። ለእነሱ የሚሰጣቸው የተጻፈው ዋጋ ነበር። አክሲዮኑ በጨረታ ከዚያ በላይ ሲሸጥ ልዩነቱ ለመንግሥት ገባ። ለዓመታት የጠበቁትን ዕድገት አጡ ማለት ነው። በ2011 ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና እንዲገዙ ተፈቀደላቸው። ማስተካከሉ መልካም ነው። ግን ያ ሰው መጀመሪያ ሲገዛ "ሕጉ ቢቀየር ምን ይዤ እወጣለሁ?" ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያ አጠገቡ አልነበረም።

ከዚያ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መጣ። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ኩባንያው 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። በቴሌብር ነበር የሚሸጠው። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። ትልቁ 3,333 አክሲዮን። የሽያጩ ጊዜ ተራዝሞ በየካቲት ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተዋል። በብር 3.2 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከቀረበው ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ሳይሸጥ ቀረ።

ብዙዎች ይህን "ሕዝቡ ብር የለውም" ብለው አለፉት። በከፊል እውነት ነው። ትንሹ ግዢ 10,000 ብር የሚጠጋ ሲሆን ደሞዝተኛው ሁለቴ ያስባል። ግን ከዚያ ጀርባ ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። አንድ ገዢ በአማካይ ወደ 68,000 ብር ነው የከፈለው። ይህ የድሃ ብር አይደለም። ያለውም ሰው ቢሆን "ነገ ልሽጠው ብል የት?" የሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘለትም። ኩባንያው ስለራሱ ያወጣው ዝርዝር መግለጫ ነበር። ረጅም ነው፤ ብዙው ሰው አላነበበውም። አንብቦ በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳው ገለልተኛ አማካሪም እንደ ልብ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ገዢው ቢጠራጠር መጠንቀቁ ነው እንጂ አለማወቁ አይደለም።

አሁን ገበያው አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያይበት ቦታ ነበር። በ1967 ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሲወረሱ እሱም አበቃ። ለ50 ዓመት ተዘግቶ የቆየ በር ነው የተከፈተው። በ1989 የተመሠረተው ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ገዳ ባንክ ተከተለው። ይህ ለተራው ሰው ትልቅ ለውጥ ነው። የተመዘገበ ኩባንያ ሒሳቡን በየጊዜው ለሕዝብ የማውጣት ግዴታ አለበት። ዋጋውን ማንም ያየዋል። ባለቤትነቱ በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በማዕከል በኤሌክትሮኒክ ይመዘገባል። ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል ትእዛዝ ሰጥቶ መሸጥ ይቻላል።

ግን ልብ በሉ። መመዝገብና መገበያየት አንድ አይደሉም። አክሲዮኑ ሰሌዳ ላይ ስላለ ብቻ ገዢ አይመጣም። ገበያው ገና ልጅ ነው። የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው። ጥቂት ግብይት ባለበት ደግሞ አንድ ሰው በቸኮለ ቀን የሸጠበት ዋጋ የሁሉም ዋጋ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አንድ አክሲዮን ስታዩ ከዋጋው በፊት "ባለፈው ወር ስንት ተሸጠ?" ብላችሁ ጠይቁ። በወር ውስጥ ሽያጭ ከሌለው መውጫው ገና አልተከፈተም። እንዲህ ያለውን መግዛት ክልክል አይደለም። ግን ለአምስት ለስድስት ዓመት በማትፈልጉት ብር መሆን አለበት።

አሁን ወደ ምክሩ ልምጣ። በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በአገራችን ስለ ኢንቨስትመንት የሚመክረን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሻጭ ነው። በምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ አክሲዮን የሚያዞረው ልጅ በኮሚሽን ይሠራል። የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኛዋ የተቀማጭ ዒላማ ተሰጥቷታል። ቴሌግራም ላይ "ምክር" የሚሰጠው የራሱን ቡድን ማስፋት ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ክፉ ናቸው አልልም። ግን የሚኖሩት እኛ ስንገባ ነው። ስንወጣ የሚከፈላቸው ነገር የለም። ስለዚህ ስለ መውጫው አይነግሩንም።

በ2013 የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ይህን ለማረም ሞክሯል። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ለአማካሪዎች፣ ለአገናኞችና ለኢንቨስትመንት ባንኮች ፈቃድ ይሰጣል። በታኅሣሥ 2017 ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል የመጀመሪያዎቹ የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ ተቀባዮች ሆኑ። አንድ ሰው "የኢንቨስትመንት አማካሪ ነኝ" ካላችሁ ፈቃዱን ለማየት አትፈሩ፤ ባለሥልጣኑ ዘንድም አጣሩ። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያም ባለሥልጣኑ ያጸደቀው መግለጫ ሊኖረው ይገባል። ማጽደቁ ግን "ያዋጣል" ማለት አይደለም። ኩባንያው መናገር ያለበትን ተናግሯል ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃድ ካላቸውም ብዙዎቹ የባንክ ልጆች፣ ማለትም ባንኮች ያቋቋሟቸው ድርጅቶች፣ ናቸው። "ይህን በመግዛቴ ለእናንተ የሚከፈል ነገር አለ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መውጫን መጠየቅ ብቻውን የማይበቃበት ቦታም አለ። እነዚያ "በቀን ይህን ያህል ትርፍ" የሚሉ የስልክ መተግበሪያዎች መጀመሪያ ላይ ያስወጣሉ። አምስት መቶ ብር ታስገባለህ፤ በሳምንቱ ሰባት መቶ ታወጣለህ። እውነት ሆነ ብለህ ለእህትህ፣ ለጎረቤትህ፣ ለዕቁብ ጓደኛህ ትነግራለህ። ከዚያ ትልቁን ብር ስታስገባ በሩ ይዘጋል። ያቺ የመጀመሪያዋ ክፍያ ከኋላህ ከገባው ሰው ኪስ የወጣች ናት። ስለዚህ ከመውጫው ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ። "የሚከፈለኝ ትርፍ ከምን ሥራ ነው የሚመጣው?" ባንክ ከሚያበድረው ወለድ ነው። ቴሌኮም ከካርድና ከኢንተርኔት ነው። "ሰው አምጣ" ከሆነ መልሱ፣ ያ ንግድ አይደለም። በክሪፕቶ የሚነግዱም ብሔራዊ ባንክ በ2014 ግብይቱ ሕገወጥ መሆኑን መግለጹን ይወቁ። ብሩ ቢጠፋ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። አሜሪካ የሚኖሩ አንዳንዶች የጡረታ ሒሳባቸውን፣ ፎር ኦ ዋን ኬ የሚሉትን፣ አውጥተው አገር ቤት አክሲዮን ወይም ቤት ለመግዛት ያስባሉ። ዕድሜያቸው 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ ካወጡ ግን በአብዛኛው ከገቢ ግብሩ በላይ 10 በመቶ ቅጣት አለ።  ከዚያ ደግሞ የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲተው አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት 10,000 ዶላር መንዝሮ በ570,000 ብር አክሲዮን የገዛ ሰውን አስቡ። አክሲዮኑ በብር ባይወርድ እንኳ፣ ዶላሩ 130 ብር ሲገባ የእሱ ንብረት 4,400 ዶላር አይሞላም። አገር ቤት ለመኖር ለሚመለስ ሰው ይህ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። ወጪው በዶላር ለሚሆን ሰው ግን ከባድ ነው። ለእንዲህ ያለው በአገር ቤት ባንኮች የሚከፈተው የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መጀመሪያ ቢታይ ይሻላል።

የመጨረሻው ጡረታ ነው። እንደ ኢንቨስትመንት አናየውም እንጂ የአብዛኛው ደሞዝተኛ ትልቁ ቁጠባ እሱ ነው። በየወሩ ከመሠረታዊ ደመወዛችን፣ አበል ሳይጨመርበት ካለው፣ 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። በድምሩ 18 በመቶ ነው። መውጫው ደግሞ በሕግ የተቆለፈ ነው፤ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ በየወሩ የሚከፈል የጡረታ አበል ያገኛል። ከዚያ በታች ከሆነ ዳረጎት፣ አንዴ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ ነው።

የአበሉ ስሌት እንዲህ ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ከነበረ አበሉ 6,600 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ጭማሪ የሚመጣው በመንግሥት ሲወሰን ነው። ገበያው ግን በየወሩ ይጨምራል። ስለዚህ ከጡረታው ጎን ሌላ ቁጠባ የግድ ነው። 50 ዓመት ያለፈው ሰው ያችን ሌላ ቁጠባ በሙሉ መሸጫ በሌለው አክሲዮን ውስጥ ቢያስገባ አልመክርም። 30 ዓመት ያልሞላው ግን ከፊሏን ቢያስገባ መጠበቂያ ጊዜ አለው።

ስሌቱ ውስጥ አንድ ሰው ብዙም የማያስተውለው ነገር አለ። የሚቆጠረው መሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው። የትራንስፖርት አበል አይቆጠርም። የቤት አበል አይቆጠርም። አንዳንድ የግል አሠሪዎች መሠረታዊ ደመወዙን ዝቅ አድርገው ቀሪውን በአበል ይሞሉታል። እጅ የሚገባው ብር ያው ስለሚመስል ሠራተኛው ዝም ይላል። በ60 ዓመቱ ግን በዚያች ዝቅተኛ ደመወዝ ይሰላለታል። አዲስ ሥራ ስትይዙ "በእጅ ስንት ይደርሰኛል?" ካላችሁ በኋላ "መሠረታዊ ደመወዜ ስንት ነው?" በሉ። በሥራ ላይ ያላችሁም የተቆረጠው መዋጮ ከነአሠሪው ድርሻ በስማችሁና በጡረታ መለያ ቁጥራችሁ ገቢ መሆኑን በዓመት አንድ ጊዜ ከማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ጠይቁ። ገቢ ያልሆነ መዋጮ ድርጅቱ ሥራ ላይ ሳለ ቢጠየቅ ይገኛል። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ግን ማስረጃ ፍለጋው ዓመታት ይፈጃል።